የሕመም ተራ

«ማክሰኞ አልታመምም ብያለሁ፣ አልታመምም» አለ ግንበኛው፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። «ማክሰኞ ኮንክሪት እንሞላለን። ኮንክሪት ደግሞ ያንተን ተራ አይጠብቅም።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትታመመው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አቁሞ። «ባለፈው ሳምንት ስልህ ጣሪያ ጀምሬያለሁ አልክ። ከዚያ በፊት ስልህ አማቴ መጣች አልክ። ሰው እንዴት በወር አንዴ መታመም ያቅተዋል?»

«ጤነኛ ነኛ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ?»

«እሺ፣ ረቡዕ አድርገኝ።»

«ረቡዕ የሆድ ቁርጠት ቀን ነው፤ ሞልቷል። አንተ ራስ ምታት ነህ።»

«ሆዴንም ቢሆን ያዝ ማድረግ አያቅተኝም።»

«መጀመሪያ ላጨውና ከዚያ ተጣሉ» አለች የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት፣ በመስኮቱ ሥር ከተቀመጠችበት የልብስ ስፌት መኪና ቀና ሳትል። «አረፋው ደረቀበት።»

እውነትም ደርቆ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠና ብሩሹን አነሳ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ብሩሹን አስቀመጠና የውሃውን ማሰሮ አነሳ። አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ጠጣ። ሌላ ቀዳ፤ እሱንም ጠጣ። ከዚያ ከመሳቢያው ባለ መስመር ደብተሩን አወጣና ግንበኛውን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ አዛወረው። «ሐሙስ ግን ሳል ነው» አለ እየጻፈ፤ «ራስ ምታት ያዘኝ ካልክ ቀኑን ታበላሽብኛለህ። ቢሆንም ግድ የለም፣ ለአንድ ሰው ይለፍ።»

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት ነበር።

ፀጉር ቤቱና ክሊኒኩ ፊት ለፊት ናቸው። የሚለያቸው መንገድ ጋሪ ሲያልፍበት ሰው ግድግዳ ተለጥፎ የሚቆምበት ዓይነት ነው። በክሊኒኩ ግንብ ላይ በሰማያዊ ቀለም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ በፀጉር ቤቱ መስተዋት ውስጥ ተገልብጦ ስለሚታይ፣ ፀጉር አስተካካዩ በሚላጨው ሰው ሁሉ ጭንቅላት ላይ ሲያነበው አራት ዓመት ሆኖታል።

ክሊኒኩ ሲከፈት በቀን ሰባ ሰው ይሰለፍበት ነበር። ነርሷ ሲስተር ግን መድኃኒት ሰጥታ የምታርፍ ሴት አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ የውሃ በርሜል ከፍታ ታያለች፣ ሕፃናትን ትከትባለች፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሳይጨርስ እንዳያቋርጥ በር ላይ ቆማ ታስውጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የልጆቹ ተቅማጥ ቀረ። ሳላቸው ከሦስተኛ ቤት ይሰማ የነበሩ ሰዎች ዝም አሉ። በአራተኛው ዓመት በቀን የሚመጣው ሰው አሥራ ስምንት ደረሰ፤ እሱም ግማሹ ለወሬ ነው።

ያኔ ነው ክሊኒኩ በር ላይ ወረቀት የተለጠፈው። በቀን ከአርባ ሰው በታች የሚያስተናግዱ ክሊኒኮች ተዘግተው ከድልድዩ ማዶ ካለው ትልቁ ሆስፒታል ጋር ይጠቃለላሉ ይላል።

ወረቀቱን ፀጉር አስተካካዩ ጮክ ብሎ አነበበ። እንቁላል ሻጯ እማማ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው አዳመጡ።

«ስላዳኑን ሊዘጉብን ነው?» አሉ።

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አዳኑን?»

ሌላው ሰው ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልሳቀም። ባለቤቱ አስም አለባት። ክሊኒኩ ሳይመጣ በፊት ደረቷ ሲዘጋ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ድልድዩን ይሻገር ነበር። አንድ ቀን ሁለተኛው አውቶቡስ ዘገየ። ፌርማታው ላይ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሯ ግንቡ ላይ እንዳለው ቀለም ሰማያዊ ሲሆን እያየ፣ ከኋላው የቆመ ሰው «ይህ አውቶቡስ ገበያ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀው። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አሁን በአፍ የሚነፋው መድኃኒት በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ሲያልቅ በነጠላ ጫማ መንገዱን ተሻግራ ሌላ ታመጣለች።

ስለዚህ የዚያኑ ቀን ደብተር ገዛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተራ ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው ነውና ሥራው አልከበደውም። አሥራ ስምንት እውነተኛ በሽተኛ አለ፤ ሃያ ሁለት ይጎድላል። በየቀኑ ሃያ ሁለት ሰው በተራ ይታመማል። ሰው ግራ እንዳይጋባ በሽታውንም በቀን ከፋፈለው፦ ሰኞ ወገብ፣ ማክሰኞ ራስ ምታት፣ ረቡዕ የሆድ ቁርጠት፣ ሐሙስ ሳል፣ ዓርብ ልዩ ልዩ። ለእያንዳንዱ ባለተራ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚናገረውን ጽፎ ይሰጣል። ሰፈሩ ማንም ባልገመተው ትጋት ታመመ።

ከዝርዝሩ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ያንተስ ተራ መቼ ነው?» አለችው ባለቤቱ በሁለተኛው ሳምንት።

«እኔ አስተባባሪ ነኝ። አስተባባሪ ከታመመ ማን ያስተባብራል?»

«ይህን ማሰሮ ጠዋት ሞልቼው ነበር።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ እኔን አላገኘኝም?»

ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ከመሰለው ሦስት ወር ሆኖታል፤ እሱን አልነገራትም። ዓይኑም ወደ ማታው ላይ ጭጋግ ይለብሳል፤ እሱን መስተዋቱ ስላረጀ ነው ይላል። ሐቁ ሌላ ነበር። በቀን ሃያ ጉሮሮ ላይ ምላጭ የሚያሳርፈው ይህ ሰው መርፌ ይፈራል። ሴት ልጁ ስትከተብ አቅፎ የያዛት እሱ ነበር፤ ልጅቱ ሳታለቅስ እሱ ወደቀ። ሲስተር ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥታ እሱን በውሃ ስታርስ ቆይታለች። ከመርፌውም በላይ የሚፈራው «እጅህ ታሟል» መባልን ነው። እጁ የታመመ ፀጉር አስተካካይ ፊት ማን ጉሮሮውን ይሰጣል?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ባለቤቱ ለስፌት መኪናዋ፤ መኪናዋም ተራ ተራ ብላ መለሰች።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከቁራጭ ወረቀቶቹ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ማታ ላይ በጭጋጋም ዓይኑ ሲያድላቸው ሁለቱን አቀያየራቸው። ለአዲሷ ሙሽራ የተጻፈው እንቁላል ሻጯ እማማ እጅ ገባ። እማማ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት አስነብበው፣ በቃላቸው ይዘው፣ ዓርብ ጠዋት ሲስተር ፊት ተቀመጡ።

«ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል» አሉ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው። «ሎሚም ያምረኛል።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አቆመች። «የወር አበባዎን ያዩት መቼ ነበር፣ እማማ?»

«አንቺ ሳትወለጂ።»

ሲስተር ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ተመለከተች ይባላል። ከዚያ «እዚህ ከደረሱ አይቀር» ብላ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ደማቸውን መረመረች።

እማማ ፀጉር ቤት የገቡት በዚያው ነው። ቅርጫታቸውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጠው «ስኳር አለብኝ» አሉ። «በውሸት እርግዝና ሄጄ ስኳር ይዤ ተመለስኩ።»

«እንዴት አላወቁም እስካሁን?» አለች የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት።

«እንዴት ልወቅ ልጄ? ውሃ ይጠማኝ ነበር፤ ሙቀቱ ነው እል ነበር። ጣቴን ይነዝረኝ ነበር፤ ቅርጫቱ ነው እል ነበር። ዓይኔ ሲጋረድ ደግሞ እርጅና ነው እል ነበር። ሲስተር ሦስቱም አንድ ናቸው አለችኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ በአየር ላይ ያዘው። ባለቤቱ ስፌቷን አቁማ አየችው። ውሃውን ቀስ ብሎ የአበባው ማስቀመጫ ውስጥ ደፋው። አበባው ፕላስቲክ ነበር።

በሳምንቱ ግንበኛው መጣ፤ ቆቡን በእጁ ጨምድዶ።

«አጥፋኝ» አለ።

«ምን?»

«ከደብተርህ ስሜን አጥፋልኝ። በውሸት ራስ ምታት ገብቼ በእውነት ደም ግፊት ወጣሁ። ክንዴን አስራ ነፋችው፤ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ጨው ተው አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ፤ አንተ ጻፍከኝና ታመምኩ።»

«እኔ ራስ ምታት ነው የጻፍኩት። ደም ግፊት የሚል ዓምድ የለኝም።»

«እጅህ ነው መጥፎ» አለ ግንበኛው። «እማማን ጻፍካቸው፣ ስኳር። የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ጻፍካት፣ ደም ማነስ። ሰዉ እኮ እያወራ ነው። የጻፈው ሁሉ ይደርሳል ይሉሃል።»

«ስምህን ባጠፋው ግፊቱ ይወርዳል?»

ግንበኛው ትንሽ አሰበበት። «መሞከሩ ምን ይጎዳል?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ስሙን ሰረዘ። ግንበኛው መሰረዙን በዓይኑ አይቶ፣ ልቡ ረክቶ፣ የግፊቱን ኪኒን ከኪሱ አወጣና ከማሰሮው ውሃ ለምኖ ዋጠ።

በዚህ መሐል ሲስተር ራሷ መጣች። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ ደንበኛ እንደሚቀመጠው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ፎጣ አነሳ።

«ፀጉር አልቆረጥም፣ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። በዚህ ሰፈር ሆድ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ የሚቆርጠው ለምንድን ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ጀመረች።

«ምግቡ ይሆናል» አለ።

«ሰኞስ ወገብ?»

«እሑድ ልብስ ያጥባሉ።»

«አሥራ ሁለት ወንዶች?»

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አጣጠፈ፤ ዘረጋው፤ እንደገና አጣጠፈው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ደብተሩን አወጣና ጭኗ ላይ አኖረላት፤ ልክ የሰረቀውን እንደሚመልስ ሰው። ሲስተር አንድ በአንድ ገለጠችው። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ያውም ከልቧ። የመጣ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ በእውነት የታመመ ሰው ከውሸተኛ ጀርባ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ መዝገብ ላይ ውሸት አልጽፍም አለች። ቀጥላ «ሙሽራ፣ ማቅለሽለሽ፣ ሎሚ» የሚለው ጋ ስትደርስ ደብተሩን ፊቷ ላይ ጋረደች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ታዲያ ምን ብለው ጻፉን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በፍርሃት።

«ምርመራ። ምርመራም እኮ ይቆጠራል፣ ጋሼ። ሰው እስኪታመም መጠበቅ አለበት ያላችሁ ማነው? ከላካችኋቸው መሐል ከመረመርኳቸው መቶ ሠላሳ ሰዎች ውስጥ ሃያ ስድስቱ በሽታ አለባቸው፤ ሃያ ስድስቱም አያውቁትም ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ለመመርመር የሚሄዱም አይደሉም። ይህን ሁሉ ለጤና ቢሮ ጽፌ ልኬያለሁ። ዓርብ አንድ ኃላፊ ይመጣል።» ደብተሩን ስትመልስለት አንዴ ወደ ማሰሮው ተመለከተች። «የሰፈሩ ሰው በሙሉ እዚህ አለ። የጸሐፊው ስም ብቻ ነው የጠፋብኝ።»

«ሙቀቱ ነው» አለ እሱ፣ ማንም ስለ ሙቀት ሳይጠይቀው።

«እሺ» አለች ሲስተር። በሩ ላይ ስትደርስ «መርፌ አይደለም እኮ፤ ከጣት ጫፍ ጠብ የምትል የደም ጠብታ ናት» ብላ ወጣች።

ዓርብ ኃላፊው በቆዳ ቦርሳ መጣ። ሰፈሩ ያለ ተራ፣ ያለ ወረቀት፣ ግልብጥ ብሎ ተሰልፎ ነበር። ሲስተር ክፍሉ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዛለች፤ መዝገቡን የማሳየው ስጨርስ ነው ብላ በሩን ዘጋችበት። ኃላፊው ግራ ቀኙን አየ፤ ፀጉር ቤቱን አየ፤ አገጩን ዳበሰና ተሻገረ።

ፀጉር አስተካካዩ የሚላጨው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አረፋ አልመታም። ምላጩን ሳለና ከጆሮ ግንዱ ጀመረ፤ እየላጨ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ስለ አውቶቡሱ ነገረው። ስለ ፌርማታው፣ ስለ ከንፈሯ፣ ገበያ ይደርሳል ወይ ስላለው ሰው ነገረው። ባለቤቱ ስፌቷን አቁማ ትሰማ ነበር፤ ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

«ይቅርታ» አለ ኃላፊው በጨዋ ድምፅ፤ «አንገቴን ምንድን ነው የሞቀኝ?»

ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን አየ። ከኃላፊው የጆሮ ጫፍ ቀይ ክር ወርዶ አንገቱ ላይ የታሰረውን ነጭ ጨርቅ ያቀላል። ምላጩን አየ፤ ጣቱን አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላጭ ከአረፋ ወደ ቆዳ ሲሻገር ጣቱ ይነግረው ነበር። ዛሬ አልነገረውም። ትንሽ ወረድ ቢል ኖሮ ጉሮሮ ነበር።

ባለቤቱ ፎጣ ይዛ ደረሰች። ኃላፊው በአንድ ጉንጩ አረፋ፣ በሌላው ደም፣ በእጁ ቦርሳ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሲስተር በር ከፍታ አየችውና «ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ ተራዎን ይጠብቁ» አለች። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። በግራው ግንበኛው ስለ ጨው አስተማረው፤ በቀኙ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ፣ ከዚህ ሌላ የት እንደምትሄድ ጠየቀችው። ጆሮው ሲታሸግለት ሲስተር ክንዱንም አስራ ነፋች፤ ምን እንዳነበበች ማንም አልሰማም፤ ሲወጣ ግን ኪሱ ውስጥ ትንሽ የኪኒን ከረጢት ነበር። በሩ ላይ ቆመ፤ እስክሪብቶ አወጣና በተለጠፈው ወረቀት ግርጌ «መዘጋቱ እንደገና እስኪጠና ለስድስት ወር ታግዷል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን አልቀደደም። ኃላፊ ወረቀት አይቀድም።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ በሰው ሞላ።

«ዛሬ እኮ አርባ ሞልቶ ተርፎ ነበር» አሉ እንቁላል ሻጯ እማማ። «የሰውየውን ጆሮ ለምን አባከንከው?»

«ስድስት ወር ነው የሰጠን፤ ስድስት ወር ቀላል አይደለም» አለ ግንበኛው። «አሁን በደንብ ዝርዝር ይውጣ። በሐሰት ሳይሆን በእውነት፣ ቤተሰብ በቤተሰብ። እኔን መልሰህ ጻፈኝ፤ ሚስቴም ከነልጆቹ ትታይ።»

«አንተማ አጥፋኝ ብለህ አልነበር?» አሉ እማማ።

«አጥፍቶኝ ግፊቱ መች ወረደ?»

«እኔ ልቅደም፤ ዓይኔ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሚስትህ ባለፈው ቀድማለች፤ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይቀድምም» አለ ግንበኛው።

«ይህ ዳቦ መሰለህ?»

ደብተሩን ይዘው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። እሱ ግን ምላጩን ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበ ነበር። «እሷ ትጻፍ» አለ ወደ ባለቤቱ በአገጩ እያመለከተ፤ «የእሷ ጽሑፍ ይነበባል።» ባለቤቱ ስፌቷን ገፍታ ደብተሩን ተቀበለች፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ አዲስ ገጽ ገለጠች። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ ከበባት፤ እማማ ቅርጫታቸውን በሰው ጭንቅላት ላይ አሳልፈው ከፊት ገቡ።

«በየቤቱ ነው፤ ግፊያ የለም» አለች። «ሰኞ ማን ይጀምር?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አደረቀ። አጠፈው፤ መሳቢያው ውስጥ አስገባና መሳቢያውን ገፋው። ሽርጡን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። እጁን ወደ ማሰሮው ዘረጋና መለሰው።

«ሰኞ እማማ» አለ አንዱ።

«እኔ ታይቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ይግቡ።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ እኔ አልችልም» አለ ግንበኛው፤ «ማክሰኞ ኮንክሪት አለ።»

«ደግሞ ጀመረው» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው የዶቃ መጋረጃ ሰው ባለፈበት ቁጥር ይንኳኳል። ፀጉር አስተካካዩ ዶቃዎቹን በሁለት እጁ ሰብስቦ ያዛቸው፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ክሊኒኩ በኩል አለፈና ከኋላው አንድ በአንድ ለቀቃቸው።